የጥሎሽ ጣውላ

አባቴ ለእኔ ጥሎሽ የጠየቀው ወርቅ አይደለም፤ አንድ ጣውላ ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ የምቀልድ ይመስለዋል። ሦስት ሽማግሌዎች ያን ሁሉ ፀሐይ አቋርጠው ከሰመራ አዋሽ ሰባት ኪሎ ድረስ መጥተው፣ እቤታችን ቆመው «ልጅዎን ለልጃችን» ሲሉት፣ አባቴ ጥቂት አሰበና ሁለት ሜትር ርዝመትና ሠላሳ ሴንቲ ስፋት ያለው፣ በደንብ የደረቀ የሐበሻ ጽድ ጣውላ ይዛችሁ ኑ አላቸው። የፈረንጅ ጽድ እንዳታመጡብኝ፣ አሽትቼ አውቀዋለሁ ብሎም አስጠነቀቀ። የቀረውን ያኔ እንነጋገራለን ብሎ ሸኛቸው። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ስሰማ ሳቅና ለቅሶ እኩል መጡብኝ፤ አፌን በነጠላዬ አፍኜ ወደ ጓዳ ሮጥኩ።

አባቴ ዕድሜውን የፈጀው በባቡር ጣቢያው የእንጨት ሥራ ክፍል ነው። የአሮጌው ባቡር የተሰበረ ወንበር፣ የወላለቀ መስኮት፣ አልዘጋ ያለ በር ሁሉ ወደ እሱ ይመጣ ነበር። ባቡሩ ቆመ፣ እሱም ጡረታ ወጣ፣ እንጨት ግን ከልቡ አልወጣም። እንግዳ ሆኖ ሰው ቤት ሲገባ መጀመሪያ ሰላምታ የሚሰጠው ለጠረጴዛው ነው። በእጁ ይዳብሰዋል፣ ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ያየዋል፣ ከዚያ ወደ ባለቤቶቹ ይዞራል። እናቴ በዚህ ጠባዩ ስታፍር ኖራለች።

ልጅ ሳለሁ አንድ ጨዋታ ነበረን። ከሥራ ሲመለስ ኪሱ ውስጥ የተለያየ እንጨት ቁራጭ ይዞ ይመጣል። ሰፊ መዳፉን ዓይኔ ላይ ይጋርድና አንዱን ቁራጭ አፍንጫዬ ሥር ያስጠጋል። ምን ይላል? ይለኛል። ዋንዛ እላለሁ፤ ዝግባ እላለሁ። ስሳሳት አይቆጣም፤ «እንደገና» ይላል፣ መዳፉንም አያነሣም። ጽድ ሲመጣ ግን ሁልጊዜ አንድ መልስ ነበረኝ፤ እርሳስ። አዲስ የተቀረጸ እርሳስ እንጂ ሌላ ነገር አይመስለኝም ነበር። በዚህች ብቻ ይበሳጫል። ጽድ እርሳስ እርሳስ አይልም፣ እርሳስ ነው ጽድ ጽድ የሚለው፣ መጀመሪያ ዛፉ ነበረ ይላል። እኔ የቆመ ጽድ አይቼ አላውቅም፤ እርሳስ ግን በየቀኑ አኝካለሁ። ስለዚህ በክርክሩ ተሸንፌ አላውቅም።

እሱ የተወለደው ደጋ ነው፣ ከአንኮበር ወደ ላይ። ስለ ጽድ ሲያወራ ስለ ዘመድ የሚያወራ ይመስላል። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ በጽድ ቆሟል፤ የአጥሩ ቋሚ ጽድ ስለሆነ የተከለው ሰው ሞቶ አጥሩ አለ፤ ሠርግ ሲሆን ዳሱ በጽድ ቅርንጫፍ ይሸፈናል፤ ቅጠሉ ሲጨስ ትንኝ አገር ለቅቆ ይሄዳል። ዝግባንም አይጠላም። መልከ መልካም እንጨት ነው፣ ችግሩ ምስጥም መልኩን ይወድለታል ይላል። ጽድ ግን ምስጥም ብልም አይደፍሩትም። ማስረጃው እናቴ መኝታ ቤት የተቀመጠው ሳጥን ነው። በተጋቡ ዓመት ከአገሩ ባስመጣው ጽድ ራሱ ሠርቶ የሰጣት ነው። የክርስትና ቀሚሴ እዚያ ውስጥ ተቀምጦ ዛሬም አንዲት ቀዳዳ የለበትም። የጎረቤቶቻችን ልጆች የክርስትና ልብስ ግን ብል በልቶት ወንፊት ሆኗል።

እኔ የሒሳብ መምህርት ሆኜ ሰመራ በተመደብኩ ዓመት አባቴ ሊጠይቀኝ መጣ። እንደ ልማዱ መጀመሪያ ሰላም ያለው የልብስ ቁም ሣጥኔን ነበር። ቁም ሣጥኑ ቺፕውድ ነው። ወለሉን ባጠብኩ ቁጥር እግሩ ውሃ እየጠጣ እንደ ዳቦ አብጧል። ጎንበስ ብሎ ከኋላው ሲያይ ደግሞ ምስጥ ከወለሉ ተነስቶ ቀጭን የአፈር መንገድ እየሠራ ሽቅብ ሲጓዝ አገኘ። ምሳም በደንብ አልበላም። አውቶቡስ ላይ ሲወጣ ብቻ፣ አንቺን እንዲህ ያለ ዕቃ ውስጥ ትቼ ልሄድ ነው አለኝ። የጣውላው ነገር የተጀመረው ያን ቀን ይመስለኛል። ለልጁ እንደ እናቷ ያለ ሳጥን ሊሠራ ቆርጧል፤ እንጨቱን ደግሞ የሚወስዳት ሰው ያምጣው።

እስከዚህ ድረስ ደግ አባት ነው። ጣጣው ያለው «አሽትቼ አውቀዋለሁ» ያለው ላይ ነው፤ አባቴ ማሽተት አይችልማ።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ዓለም ሁሉ አፉን በጨርቅ በሸፈነበት ጊዜ፣ እሱም ታምሞ ሁለት ሳምንት ተኛ። ተነሣ፣ በላ፣ ጠገበ፣ አፍንጫው ግን አልተመለሰም። ለማንም አልተናገረም። ያወቅነው በምስር ወጥ ነው። እናቴ ገበያ ስትሄድ ድስቱን ጠብቅ አለችው። እሱም ከድስቱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጦ፣ ራዲዮ እየሰማ፣ ምስሩ ከሰል እስኪሆን በታማኝነት ጠበቀ። ጎረቤቶች ጭሱን አይተው ሲገቡ ሆን ብዬ ነው አላቸው። ሆን ብሎ ምስር የሚያከስል ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ግን አላብራራም። እናቴ ጠረጠረች። በማግስቱ የተበላሸ ወተት ቀድታ ሰጠችው፤ ጠጥቶ እጅሽ ይባረክ አላት። እኔና እሷ ጓዳ ገብተን መጀመሪያ ሳቅን፣ ቀጥሎ አለቀስን፣ መጨረሻ ላይ ዝም እንበል ብለን ተስማማን። በአፍንጫው የኖረ አናጢ ነው፤ ራሱ እስኪነግረን እንጠብቅ አለች።

ሦስት ዓመት ጠበቅን። ያ ሁሉ ጥበቃ አልቆ፣ ትዳሬ የማይሠራ አፍንጫ ላይ ተንጠለጠለ። እውነተኛውን ጽድ አይደለም ሊል ይችላል፤ ያልሆነውን ነው ሊል ይችላል። በዚያ ላይ አንዴ ከተናገረ ቃሉን የማያጥፍ ሰው ነው። እኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ እወዳለሁ፣ እንቅልፍ የለኝም።

ስለምወደው ሰው ልናገር። ኤሲ ጠጋኝ ነው። ሰመራ ውስጥ ኤሲ ጠጋኝ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሰመራ የኖረ ያውቀዋል፤ ሐኪም በቀጠሮ ይጠበቃል፣ እሱ ግን በልመና ነው። የመምህራን ክፍላችን ኤሲ ተበላሸ ተብሎ አንድ ቀን መጣ፣ ጋዝ ሞልቶ ሄደ። በሳምንቱ እንደገና ተበላሸ። በወር ውስጥ አራት ጊዜ ተመላለሰ። ባልደረቦቼ ሥራ አይችልም ብለው ሲያሙት እኔ ደብተር ውስጥ ተደብቄ እስቃለሁ። ብሬከሩን የማጠፋው እኔ ነበርኩ። በአምስተኛው ሳምንት፣ አንቺ ሴትዮ ሻይ ልጋብዝሽና ብሬከሩን ተይው አለኝ።

ተወልዶ ያደገው ዱብቲ ነው፣ እናትና አባቱ ጥጥ እርሻው ላይ ሲሠሩ ኖረዋል። ስለ ኮምፕሬሰር ጠይቁት፣ ያስተምራችኋል። ስለ ዛፍ የሚያውቀው ግን ግራርንና ያን በየመንገዱ የሚበቅለውን እሾሃም መጤ ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ የአባቴን ጥያቄ በነገሩት ቀን፣ እረፍት ሰዓት ላይ ደወለልኝና ጽድ ምን ይመስላል አለኝ። አረንጓዴ ነው፣ በጋ ከክረምት ቅጠሉ አይረግፍም፣ ደጋ ላይ ነው የሚበቅለው አልኩት። ፍሬ አለው ወይ አለኝ። አለው አልኩት። ደወል ተደወለ፣ ክፍል ገባሁ። ምን ዓይነት ፍሬ ብሎ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። ያቺን አንዲት ቃል ብዙ ቀን ረግሜአታለሁ።

ከሰመራ ሚሌ ወርዶ የደሴን መንገድ ያዘ። ባቲን ሲያልፍ ደወለ፣ ነፋሱ ይቀዘቅዛል አለኝ። ኮምቦልቻ ሲደርስ ደወለ፣ ሰው ሁሉ ሹራብ ለብሷል አለኝ። ደሴ ሲገባ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ይህን ሁሉ ብርድ ማን ነው የሚያመርተው ብሎ ጠየቀኝ። ብርድ ሸጦ የሚበላ ሰው በነፃ ሲታደል ማየቱ ቅር ብሎት ነበር። ጃኬት ገዛ፤ በዕድሜው የመጀመሪያው ነው።

ከዚያ አንድ እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ገባና፣ የሐበሻ የሚለውን ብርዱ አስረስቶት፣ ጽድ አላችሁ ወይ አለ። አለን አሉት። አልዋሹትም። በዚያ አገር አሁን አጥሩም፣ የትምህርት ቤቱ ጥላም፣ ለቤት መሥሪያ የሚቆረጠውም የፈረንጅ ጽድ ስለሆነ ሰው ባጭሩ ጽድ ብሎ ይጠራዋል። የሐበሻው ጽድ እንደ ልብ አይቆረጥም፤ ቢገኝ ከፈረሰ አሮጌ ቤት ነው የሚገኘው። ይህን አባቴ ቢነግረን ምን ነበረበት? እሱ ግን ፈተና ነው ያወጣው፤ ፈተና ደግሞ መልሱ አብሮ አይሰጥም። እኔም መምህርት ነኝና አልፈርድበትም።

ልጁ ጠንቃቃ ነው። ኤሲ ሲገጥም እንኳ የዕቃውን ካርቶን ለባለቤቱ ማስረጃ ብሎ ያስቀምጣል። ጣውላውን ከገዛ በኋላ እንጨቱ የመጣበትን ዛፍ ካላየሁ ብሎ ድርቅ አለ። ከጓሮ የቆመ ተርታ አሳዩት። ጃኬቱን አውልቆ አንዱ ዛፍ ላይ ወጣና ፍሬውን በላስቲክ ሙሉ ለቀመ። ሲወርድ ወደቀ፣ ሱሪው ተቀደደ፣ ላስቲኩን ግን አልለቀቀም። ይህ ሁሉ ሳያንስ እንጨቱ ራቁቱን ጥሎሽ አይሆንም ብሎ ቀይ ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ አስቀባው። ለእኔ የነገረኝ ግን ሦስት ነገር ብቻ ነው። አግኝቻለሁ፣ አሳምሬዋለሁ፣ ማስረጃም ይዣለሁ። እኔ ደረሰኝ መስሎኝ ጎበዝ አልኩት።

ሚሌ ላይ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተገናኘ። መሪያቸው ሐጂ ናቸው፤ ሎግያ የመኪና መለዋወጫ ዕቃ ሱቅ ያላቸው፣ የልጁ አባት ከሞቱ በኋላ እንደ አባት የቆሙለት ሰው። ሁለተኛው የልጁ አጎት ናቸው፣ የጥጥ እርሻ ጡረተኛ፣ አፋቸው የማያርፍ። ሦስተኛው ሽማግሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቃል ስላልተናገሩ ምን ዓይነት ሰው እንደሆኑ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ጣውላው በሐጂ ፒካፕ ላይ ተጋድሞ፣ ከሚሌ እስከ አዋሽ ያ ፀሐይ ሲወርድበት ዋለ።

ቅዳሜ ጠዋት እቤታችን ገቡ። አባቴ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ ፈተና ሊያርም የተቀመጠ መስሏል። እኔና እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ ነን፤ ልጁ በወጉ መሠረት ውጭ ፒካፑ ውስጥ ቀርቷል። በመስኮት ሳየው የፒካፑን በር ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይወርዳል፣ ይወጣል። ደሴ ላይ የገዛውን ጃኬት ለብሶታል። አዋሽ ውስጥ፣ በዚያ ሙቀት። ለክብር መሆኑ ገብቶኝ አንጀቴን በላው።

ሽማግሌዎቹ እሺ ካልተባልን አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ሐጂ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ቢሆንም ቆሙ። ጣውላውን ሁለት ወንበሮች ላይ አጋደሙት። ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ደግሞም ጎባጣ ነበር። የመንገዱ ሙቀት መሐሉን ሽቅብ አጉብጦታል። አባቴ ጎባጣውን በመዳፉ ተከተለ። አጎትየው ቶሎ ብለው፣ ለእርስዎ እጅ እየነሳ ነው አሉ። እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ የምትስቀው እንዳይሰማባት ነው።

አባቴ ቫርኒሹን ማን እንደቀባው ጠየቀ። ልጁ በገዛ ፈቃዱ አስቀብቶት ነው ተባለ። ዓይኑን ጨፈነ፣ ገለጠ። ቢላዋውን አውጥቶ አንዱን ጠርዝ ፋቀ። ነጣ ያለ እንጨት ታየ። ይህ ምንም አይናገርም፤ የሐበሻው ጽድም ልቡ እንጂ ዳሩ ቀይ አይደለም። እንግዲህ የቀረው አፍንጫ ብቻ ነው። ሁሉም ይጠብቀዋል። ጎንበስ አለ፣ ዓይኑን እንደ ድሮው ጨፈነ፣ ረዥም ትንፋሽ ሳበ። ቆየ። አንዴ ደግሞ ሳበ። ከዚያ ቀና ብሎ «ጽድ ነው» አለ።

እኔና እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ ያለ ድምፅ ጨፈርን። አዎን፣ ጨፈርን። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ እጄን ይዛ ነው የዘለለችው። አባቴ ይሁን ብሎ ነው፣ ሳይሸተው አዎን ያለው ስለወደደኝ ነው ብዬ ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ።

አጎትየው እዚያ ላይ ዝም ቢሉ ኖሮ ይህን ታሪክ አልጽፍም ነበር። እሳቸው ግን ደስታቸው አፋቸውን ከፈተው። ልጃችን ጠንቃቃ ነው፣ ዛፉ ላይ ወጥቶ ፍሬውን እንኳ ለማረጋገጫ ለቅሞ መጥቷል አሉና ላስቲኩን አባቴ መዳፍ ላይ ገለበጡት።

ብይ የሚያካክሉ፣ ደረቅ፣ ቡናማ፣ ስንጥቅጥቅ ያሉ የእንጨት ድብልብሎች ነበሩ። ከመዳፉ እየተረፉ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። የሐበሻ ጽድ ፍሬ እንደዚያ አይደለም። ከሽንብራ የማይበልጥ፣ ለስላሳ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ ሰማያዊ፣ ሲፈጩት ጣት ላይ የሚቀር ነው። አባቴ የልጅነቱን ዘመን ሙሉ እሱን እየለቀመ በወንጭፍ ሲወረውር ነው ያደገው። ይህንን ለማወቅ አፍንጫ አያስፈልገውም፤ ዓይን ይበቃል።

መዳፉን እያየ ቀረ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ የሚያስበውን ሁሉ ሰማሁት ማለት እችላለሁ። የፈረንጅ ጽድ ነው ቢል፣ ቅድም ያሸተተው ምን ነበር ሊባል ነው። ዝም ቢል፣ አርባ ዓመት በእንጨት ላይ ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ዛሬ በልጁ ትዳር ላይ ሊዋሽ ነው። ላብ ግንባሩ ላይ ሲወጣ አየሁት። በሕይወቴ እንደዚያ አሳዝኖኝ አያውቅም።

«ልጄ፣ እስቲ ነይ» አለ።

የምትጠየቅ ልጅ ሽማግሌ ፊት አትቀርብም። ሐጂ እንኳ ደንግጠው አቀረቀሩ። እናቴ ግን ከኋላ ገፋችኝ፣ ነጠላዬ አንድ ትከሻዬ ላይ ብቻ ሆኖ ወጣሁ። አባቴ የተፋቀውን ጠርዝ አሳየኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምን ይላል?» አለኝ።

ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ። ከቫርኒሹ ሥር ሎሚ ሎሚ የሚል፣ ሙጫ ሙጫ የሚል ነገር አለ። እርሳስ የለም። ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተያየን። እሱ መልሱን ያውቀዋል፣ ፍሬው እጁ ላይ ነው። የጠየቀኝ ስለ እንጨቱ አልነበረም። ያ ሲገባኝ ፈራሁ፣ ደግሞ ደፈርኩ።

«የፈረንጅ ጽድ ነው አባዬ» አልኩት። «እኔ ግን እሱን እፈልገዋለሁ።»

ከመጋረጃው ጀርባ እናቴ ወይ ጉድ ስትል ቤቱ ሁሉ ሰማ። አጎትየው ባዶውን ላስቲክ ማጣጠፍ ጀመሩ። እኔ ወለሉ ላይ ያሉትን ፍሬዎች እቆጥራለሁ፤ ፊቴ ከዚያ ቫርኒሽ ይብስ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ።

አባቴ መነጽሩን አወለቀ።

«እንግዲህ ልጄ እውነት ከተናገረች እኔም ልናገር» አለ። «ሦስት ዓመት ሆነኝ፣ ምንም አይሸተኝም።»

ሐጂ አባቴን አዩት፣ ጣውላውን አዩት፣ ተመልሰው አባቴን አዩት። ከዚያ በእርጋታ፣ ታዲያ ቅድም በምን አሸተቱት ብለው ጠየቁ።

«በልማድ» አለ አባቴ።

ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላውቅም። ሐጂ ጉልበታቸውን ይዘው ሳቁ፣ አጎትየው ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ፣ ዝምተኛው ሽማግሌ ሳይቀሩ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። አባቴ እስኪያስለው ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ሦስት ዓመት እንዳለፈኝ ያን ጊዜ አስተዋልኩ። እናቴ ወጥታ የወተቱንም የምስሩንም ነገር ዘረገፈችው። አውቃችሁ ኖሯል እንዴ አለና ደግሞ ሳቀ፣ ዓይኑን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ።

ሲበርድለት ዛፉ ላይ የወጣው ልጁ ራሱ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። አዎን፣ ወድቆም ነበር ተባለ። በመስኮት ወደ ውጭ አየ። ልጁ በዚያ ሙቀት ከነጃኬቱ ፒካፑን እየዞረ ነው። አባቴ ፍሬዎቹን ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተና «ተቀመጡ» አላቸው። እሺ ማለት ነው። ወንበሮቹን ጣውላው ይዟቸዋል፤ ሐጂ ግን ሌላ እስኪመጣ የሚጠብቅ ጉልበት አልነበራቸውም። አልሐምዱሊላህ ብለው ጣውላው ላይ ዝርግፍ አሉ። አጎትየው ተከተሉ፣ ዝምተኛውም ተከተሉ። ሦስቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጎባጣው ሲቃና አየን። አባቴ ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ተመለከተና ቢያንስ ይሸከማል አለ።

ሳጥኑን ሠራልኝ። ቫርኒሹን ለመፋቅ ብቻ ሁለት ቀን ፈጀበት፤ ሁለቱንም ቀን አማቹን ሲያማው ዋለ። አማቹ አጠገቡ ተቀምጦ የብርጭቆ ወረቀት ያቀብላል፣ ሐሜቱንም ይሰማል። ሠርጉ አለፈ፣ ሰመራ ገባን፣ ዕቃ ስናራግፍ ሳጥኑን ከፈትኩት። እርሳስ እርሳስ አለኝ።

ደግሜ አሸተትኩ። ጎኖቹ ሎሚ ሎሚ ይላሉ፣ ክዳኑ ግን እርሳስ ነው። እናቴ ጋ ደወልኩ። የእኔን ክዳን ነቅሎ ላንቺ ገጠመው፣ ለእኔ የፈረንጁን አደረገልኝ አለችኝ። ሐሳቡ የእሷ ነው፤ ልጅቷ የክርስትና ቀሚሷን ከወሰደች የእኔን ሳጥን እንግዲህ ምን ብል ያየዋል ብላው ኖሯል። ስልኩን ይዤ ሳጥኑ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ባሌ ኤሲው ያስለቀሰኝ መስሎት ሊያስተካክለው ተነሣ።

ባሌ ከዚያ ወዲህ እንጨት ያሳበደው ሰው ሆኗል። ሥራ ወደ ደጋ በወሰደው ቁጥር ቁራጭ እየለቀመ ይመጣል። ዋንዛ አለን፣ ዝግባ አለን፣ ወይራ አለን፣ የፈረንጅ ጽድማ ሞልቶናል። ባለፈው ወር ከአንድ ፈራሽ ቤት የእውነተኛ ጽድ ምሰሶ ጉማጅ አግኝቶ እንደ ሕፃን አቅፎ ገባ።

አባቴ ባለፈው ሳምንት ሊጠይቀን መጣ። ገና ከበሩ ለሳጥኑ ሰላምታ ሰጠ። ምሳ በልተን ኤሲው ሥር ቁጭ እንዳልን ቁራጮቹን በሰፌድ አድርጌ አመጣሁና፣ ከኋላው ቆሜ ዓይኑን በመዳፌ ጋረድኩ። መዳፌ ትንሽ ስለሆነች በሁለቱም እጄ ነው የያዝኩት፤ ቁራጩን ባሌ ያስጠጋለታል።

ምን ይላል? አልኩት። ዋንዛ አለ። ወይራ ነው። እንደገና አልኩት። ዋንዛ አለ። ዝግባ ነው። ባሌ ሳቁን መያዝ አቃተው። እሺ ይህስ? ዋንዛ አለ፣ ዋንዛ ራሱ ሲመጣ ደግሞ ምንም የለም አለ። አባቴ ራሱ እየሳቀ፣ እንደ እኔ ያለውን ተማሪ ምን ታደርጊዋለሽ አለኝ። አሳልፈዋለሁ እንዴ፣ ይደግማል አልኩት።

ባሌ ያቺን የምሰሶ ጉማጅ በቢላዋ ፋቅ አደረጋትና አፍንጫው ሥር አስጠጋት። ሽፋሽፍቱ መዳፌ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል። አንዴ ሳበ፣ ጠበቀ፣ በቀስታ እንደገና ሳበ። እኔ ሳቄን ተውኩት።

«እርሳስ» አለ።

እጄን ከዓይኑ ላይ አነሣሁ። ልክ ነው አልኩት።